«ቀበቶዬን የት አደረግሽው?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከ7 ዓመት ልጃችን ጋር እኖራለሁ። ችግሬ ለሰው ሲነገር ያስቃል። ባለቤቴ 14 ቀበቶ አለው። ግማሹ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ሚስማር ላይ ተደራርቦ ተሰቅሏል። ሌላው ሱሪ ውስጥ እንደተሰካ ነው። የቀረው ቁም ሳጥኑ ሥር ተወርውሯል። ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲል «ቀበቶዬን የት አደረግሽው?» እያለ ቤቱን ያተራምሰዋል። አምና ክረምት ሁለቱ ሻገቱ፣ አንዱ ደግሞ ተላጠ። የኔም ቀጫጭን የቀሚስ ቀበቶዎች አሉ፤ እናቴ ከሰጠችኝ መቀነት ጋር መሳቢያ ውስጥ ተወሳስበዋል። ልጁም የትምህርት ቤት ቀበቶውን በየቀኑ ይጥላል። ቁም ሳጥናችን ባለ ሁለት በር ቺፑድ ነው፤ ትርፍ ቦታ የለውም። አዲስ ዕቃ ልግዛ ብል ደግሞ አቅም የለኝም። ምን ትመክሪኛለሽ?

የቀበቶ ዘበኛዋ፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ እኔ አልሳቅሁም። ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጢ ለሸሚዝ ዘንግ ያደርጋል፣ ለጫማ ከታች ቦታ ይተዋል፣ ለቀበቶ ግን ምንም አያስብም። ስለዚህ ቀበቶ በየቤቱ ቦታ የለውም። አንድ ቀን በር ጀርባ፣ አንድ ቀን ወንበር ላይ፣ አንድ ቀን አልጋ ሥር ያድራል።

ወደ ማደራጀቱ ከመግባታችን በፊት ግን ባለቤትሽ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቅሽን ጥያቄ ልብ በይው። «የት አደረግሽው?» ነው የሚልሽ። ማታ ያወለቀው እሱ፣ የጣለው እሱ፣ ተጠያቂዋ አንቺ። ጠብ ልጭር ብዬ አይደለም። ይህ ጥያቄ እንዲቀር ከተፈለገ ቀበቶው የሚቀመጥበትን ቦታ እሱ ሳያስብ ሊያገኘው ይገባል። ቀበቶ የሚወልቀው ሱሪ በሚወልቅበት ቦታ ነው። ማስቀመጫውም እዚያው፣ እጁ በሚደርስበት መሆን አለበት። የቱንም ያህል የሚያምር ሳጥን አዘጋጅተሽ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ብታደርጊው፣ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ማታ ወንበር ላይ ወጥቶ ቀበቶ አይጠቀልልም። እኔም ብሆን አላደርገውም።

ስለዚህ አካሄዳችን እንዲህ ይሁን። ዘወትር የሚታጠቀው ይሰቀል፣ አልፎ አልፎ የሚታጠቀው ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ የማይታጠቀው ከቤት ይውጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 14ቱንም አልጋ ላይ ዘርጊያቸው። ባለቤትሽም አጠገብሽ ይሁን። እሱ በሌለበት አንድም እንዳትጥዪ፤ ለአሮጌ ቀበቶ ሳምንት የሚያኮርፍ ወንድ አለ። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ተመልከቺ። አብዛኛው ቀበቶ አምስት ቀዳዳ አለው፤ ልኩ የሆነ ቀበቶ መሃለኛው ላይ ይታሰራል። ዘወትር የሚታሰርበት ቀዳዳ ያስታውቃል። ዙሪያው ይጨማደዳል፣ ቀዳዳውም ክብነቱን ትቶ ሞላላ ይሆናል። ያ ምልክት ወደ ጫፉ ባለው በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከሆነ ሆዱ ቀበቶውን ቀድሞታል ማለት ነው። ያ ቀበቶ ከእንግዲህ አይመለስም፤ ለወንድም ወይም ለጎረቤት ይሰጥ። ምንም ምልክት የሌለው ቀበቶ ደግሞ ጭራሽ ታጥቆት የማያውቅ ነው። ስጦታ ይሆናል፣ ወይም ከሱሪ ጋር አብሮ የመጣ። ከ14ቱ ቢያንስ ሦስት አራቱ እንዲህ ዓይነት ቢሆኑ አይግረምሽ።

የረዘመው ግን አይጣልም። ብዙ ቀበቶ ላይ ዘለበቱ በትንሽ ብሎን ወይም በሚነክስ ጥርስ ነው የተያዘው። ዘለበቱ ወጥቶ ቆዳው በዚያ በኩል ይቆረጥና ተመልሶ ይገጠማል። በጫፉ በኩል ከተቆረጠ ቅርጹ ይበላሻል፣ ቀዳዳዎቹም ጫፉ ላይ ይቀራሉ። ሰፈር ውስጥ ያለ ጫማ ሰፊ ቁጭ ብለሽ ይጨርስልሻል። ቀዳዳ መጨመር ካስፈለገም እሱ ጋ ውሰጂው፤ የሱ መብሻ ክብ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። እኛ ቤት ቤታችን ሚስማር በእሳት አግለን መብሳት ይቀናናል። የተቃጠለ ቆዳ ግን ጠርዙ ይደርቅና ከዚያው ይቀደዳል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲሱም ያንን ጠብቆ ይበሳ።

አሁን ጠርዛቸውን እዪ። ተላጠ ያልሽኝ ቀበቶ ቆዳ አልነበረም፤ አርቴፊሻል ነው። ከሥሩ ጨርቅ ወይም ካርቶን መሰል ነገር አለ፣ ከላይ ደግሞ ቆዳ መስሎ የተቀባ ፕላስቲክ። ይህ ሽፋን እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ሳይታጠቁትም ተቀምጦ ይላጣል። መላጥ ከጀመረ መድኃኒት የለውም፤ ቀለም ብትቀቢው ነገ ሸሚዙ ላይ ታገኚዋለሽ። እሱን ያለ ርኅራኄ አስወጪው። የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራም አለ፤ እሱም ከጊዜ በኋላ ይፈረፈራል። ከጀርባው «ጄኒዩን ሌዘር» የሚል ማህተም ስላለ ብቻ አትመኚው። ጠርዙ ላይ ተደራራቢ ንብርብር ከታየ ተጠራጠሪ። እውነተኛ ቆዳ በተቆረጠበት በኩል ወጥ ነው፤ ሸካራ ጭረት ጭረት ይታይበታል።

የሀገራችን የደጋ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ የታወቀው በጓንት ነው፤ ስስና ጠንካራ ስለሆነ። ለቀበቶ የሚፈለገው ግን ወፍራሙ የከብት ቆዳ ነው። ከሰልባጅ የተገዛ አሮጌ ቀበቶ ወጥ የከብት ቆዳ ከሆነ ከቡቲክ ከተገዛው አዲስ አርቴፊሻል በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ባለቤትሽ «ይቺን አሮጌዋን አትንኪብኝ» ቢልሽ ጠርዟን አይተሽ ፍረጂ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ይህን ስትጨርሺ ባለቤትሽ ዘወትር የሚታጠቃቸው ከአራት እንደማይበልጡ ታያላችሁ። ለሱፍ ሱሪ ጥቁርና ቡናማ፣ ለጂንስ አንድ ሰፋ ያለ፣ ምናልባት አንድ መለዋወጫ። የሱፍ ሱሪ ቀበቶ ስፋቱ 3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጂንሱ 4 ገደማ ይደርሳል። እነዚህ አራቱ ናቸው የሚሰቀሉት።

የት? ሸሚዝ በተሰቀለበት ዘንግ ላይ እንዳትዪ። ቀበቶ ከዘለበቱ ሲሰቀል ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። የሸሚዝ ክፍሉ ያን ያህል ቁመት ከሌለው ጫፉ ከታች ይተኛና ተጠማዞ ይቀራል። ቁመት ያለው የቁም ሳጥኑ በር ነው፤ የበሩ የውስጥ ገጽ። እዚያ ላይ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር እያራራቅሽ አራት የሚጠመዘዙ ትናንሽ መንጠቆዎች አስገቢ። ከፍታው ከባለቤትሽ ዓይን ትንሽ ዝቅ ይበል።

ቺፑድ ላይ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ በሚስማር አትምቺው። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ሚስማር ይፈረካክሰዋል እንጂ አይነክስም። ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ይሁን። ሁለተኛ፣ የበሩ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ከ12 ሚሊ ሜትር ከበለጠ በወዲያኛው በኩል ፊቱን ያሳብጠዋል፤ ከባሰም ይወጣል። ከመጠምዘዝሽ በፊት ደግሞ መንጠቆውን በቦታው በፕላስተር ለጥፊና በሩን ዝጊው። የውስጥ መደርደሪያው እስከ ጠርዙ የመጣ ከሆነ መንጠቆው ይገጨውና ፕላስተሩ ይላቀቃል። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ከተበሳ በኋላ ከማዘን ይሻላል።

በሩ እሺ ካላለሽ፣ ወይም ቤቱ የኪራይ ሆኖ ቁም ሳጥኑ የአከራይ ከሆነ፣ አንድ ጠንካራ የእንጨት መስቀያ ፈልጊ። የታችኛው ዘንጉ ላይ የሻወር መጋረጃ ቀለበቶች አስገቢበት፤ እነዚያን የሚከፈቱ የሚዘጉትን። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ዘለበት ይይዛል። ቀለበቱም መንጠቆውም ውድ ዕቃ አይደለም። ምናለሽ ተራ ከወረድሽ ደግሞ አሮጌውን በርካሽ ታገኚያለሽ። የላስቲክ መስቀያ ግን አይሁን። አንድ የቆዳ ቀበቶ ከነዘለበቱ ሩብ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ በርከት ሲሉ መስቀያውን ያጎብጡታል።

በአንድ መንጠቆ አንድ ቀበቶ ብቻ። የበር ጀርባው ሚስማራችሁ ጥፋቱ መደራረቡ ነው። ከሥር ያለውን ለማውጣት አምስቱን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ማንም ስለማያነሳ ከላይ ያለው ብቻ ይታጠቃል፣ የሥረኛው ይሻግታል። ሚስማሩ ሲዝግም ዝገቱ ቆዳው ላይ ይታተማል። በቀዳዳውም አትስቀዪው፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ለሁለት አጥፎ ዘንግ ላይ ማንጠልጠልም ይቅር። ወፍራም ቆዳ በታጠፈበት ቦታ መጀመሪያ ይሸበሸባል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይነሳል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

ያን የበር ጀርባ ቦታ ሙሉ በሙሉ አንዝጋው። ሚስማሩን ንቀይና በምትኩ ሰፋ ያለ፣ የማይዝግ አንድ መንጠቆ አድርጊ። በሩ እንጨት ከሆነ ይጠመዘዛል። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ያለ ፊሸር (ብሎኑ የሚነክስበት፣ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ) አይያዝም። ይህ መንጠቆ የዛሬው ቀበቶ ማደሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የዋለ ቀበቶ ላብ ጠጥቷል፤ ወዲያው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲዘጋበት ሽታውም እርጥበቱም ለሌላው ልብስ ይተርፋል። ሌሊቱን ውጭ ይደር። ጠዋት ያንኑ ሊታጠቀው ይችላል፣ ወይም ቁም ሳጥኑ በር ላይ መልሶ ሌላ ያወጣል። ባለቤትሽ ማታ የሚጠበቅበት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ከሱሪው መዝዞ መንጠቆው ላይ ማንጠልጠል። ይህም ከበደኝ ካለሽ እንግዲህ የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ነው።

ሱሪ ውስጥ እንደተሰካ መተውን በተመለከተ ለብቻው አንድ ነገር ልበል። የዘለበቱ ክብደት የሱሪውን ወገብ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የቀበቶ ማስገቢያዎቹንም ያላላቸዋል። ሱሪው ወንበር ላይ ከተወረወረ ቀበቶው በተጣመመበት ያድራል። ከሁሉ የባሰው ግን ሳይታይ ማጠቢያ ውስጥ ሲገባ ነው። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ይደርቅና ይገተራል፣ ቀለሙም ነጩን ሸሚዝ ያበላሻል።

አልፎ አልፎ የሚታጠቁት፣ ማለትም የሠርግና የበዓሉ፣ ይጠቅለሉ። አጠቃለሉ ግን እንደ ሜትር መለኪያ ጥብቅ አይደለም። ከጫፉ ጀምሪ፣ ውበቱ ያለበት ገጽ ወደ ውጭ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ተዪ። በዚህ ዓይነት ዘለበቱ ከውጭ ይቀራል። ከዘለበቱ መጀመር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጥቅሉ አይፈታም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዘለበቱ ውስጥ ሲገባ ምላሱ ቆዳውን እየወጋ ይከርማል፣ የትኛው ቀበቶ እንደሆነም አይታይም።

እንዲህ የተጠቀለለ የወንድ ቀበቶ ወርዱ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ ደግሞ የቀበቶው ስፋት ነው፣ ቢበዛ 4። ስለዚህ አንድ የወንድ ጫማ ካርቶን በአንድ ረድፍ ስድስት ቀበቶ ይይዛል፤ ሦስት በቁመት፣ ሁለት በወርድ። ክዳኑን ቁረጪና መሃል ላይ መከፋፈያ አድርጊው፤ ጥቅሎቹ እንዳይፈቱ ይይዛቸዋል፣ የአንዱ ዘለበት የሌላውን ቆዳ እንዳይቧጭርም ይከላከላል። ካርቶኑን ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ጫማ በሌለበት በኩል አስቀምጪው። ክዳን የለውምና ከላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። አሥራ አራቱ ተለይተው አራቱ ከተሰቀሉ፣ ሦስት አራቱ ከቤት ከወጡ፣ የቀሩት እዚህች ካርቶን ውስጥ ይገባሉ።

ቀዳዳ የሌለው፣ ከውስጥ ጥርስ ጥርስ ያለው አውቶማቲክ ቀበቶ ካለው እሱን አትጠቅልዪው። ከጀርባው የተሰፋው የፕላስቲክ ጥርስ ይገነጠላል። እሱ ይሰቀል።

ወደ ሻጋታው ልምጣ። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ የታጠበ ልብስ እንኳ በቀኑ አይደርቅም። ሻጋታ የሚመቸው እርጥበት፣ ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር ነው፤ የተዘጋ ቁም ሳጥን ሦስቱንም ያሟላል። ቆዳ ላይ ላብና ቅባት ስላለ ቀለቡም አለለት። አንድ ነገር ፈትሺልኝ፦ ቁም ሳጥናችሁ ጀርባው የተጣበቀው በውጭ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው? ከሆነ ብሎኬቱ ክረምት ላይ ይቀዘቅዝና እርጥበት ያዝላል፣ እርጥበቱም ወደ ቺፑዱ ያልፋል። ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቂው። ሌላ ምንም ሳታደርጊ ይህ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል የቁም ሳጥኑን በሮችም የመስኮቱንም አንድ ላይ ክፈቺ።

ቀበቶ በፌስታል አስረሽ አታስቀምጪ። «አቧራ እንዳይነካው» ብለን እናስረውና እርጥበቱን አብረን እናስረዋለን። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ነጭ ፍሬ የያዘች ትንሽ ከረጢት ካገኘሽ አትጣያት፣ ቀበቶው ካርቶን ውስጥ ጨምሪያት። ለአንድ ካርቶን ትረዳለች፤ ለሙሉ ቁም ሳጥን ግን አቅም የላትም። ልጁ እንዳያገኛት ብቻ ተጠንቀቂ። ናፍታሊን ደግሞ ለቀበቶ አያስፈልግም። እሱ ሱፍ የሚበላን ብል ለመከላከል ነው እንጂ ሻጋታ አይከለክልም፤ ትነቱም ሕፃን ላለበት ጠባብ ቤት አይመከርም።

የሻገቱትን ሁለቱን አትጣያቸው። ወደ በረንዳ አውጥተሽ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊያቸው፤ ቤት ውስጥ ካራገፍሽው ብናኙ ልብስ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የፋርማሲ አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ፣ ጨርቅ ነክረሽ፣ በደንብ ጨምቀሽ ወልውያቸው። መጀመሪያ ዘለበቱ ሥር በማይታየው ጥግ ሞክሪው፤ ቀለም ከለቀቀ ውሃውን አብዢ። ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ካደረግሻቸው እንደ ቋንጣ ይደርቃሉ። ሲደርቁ ቀለም የሌለው የጫማ ክሬም ስስ አድርገሽ በፊታቸው በኩል ብቻ ቀቢና በጨርቅ እሺያቸው። ባለ ቀለሙን ለሊስትሮ ተዪለት፤ ጫማ ላይ ያምራል፣ ቀበቶ ላይ ግን ሸሚዝ ይነካል።

ቅቤና የምግብ ዘይትም አይሆንም። ገጠር ቆዳ በቅባት እየታሸ እንደሚለፋ አውቃለሁ። ያ ግን በየጊዜው እየታሸ፣ አየር እያገኘ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት ቅቤ ግን ይከረፋል፣ በረሮም ይጠራል። ዘለበቱ ሥር አረንጓዴ ቅባት መሳይ ነገር ካየሽ አትደንግጪ፤ ናስ ወይም መዳብ ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ነው። በጥርስ መፋቂያ እንጨትና በደረቅ ጨርቅ ይለቃል።

አሁን ወደ አንቺ መሳቢያ። ቀጫጭን የቀሚስ ቀበቶ ሲጠቀለል ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አፉ የተሸረፈ ሲኒ አለሽ? ለእንግዳ ቡና አይቀርብበትም፣ ለመጣልም ያሳሳል። መሳቢያው ውስጥ ደርድሪያቸውና አንድ አንድ ቀበቶ አስገቢባቸው። ከሲኒ ይልቅ የሶፍት ጥቅል ውስጡ ያለውን ካርቶን ለሁለት መቁረጥም ይቻላል፤ ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ስስ ቀበቶ እዚያ ውስጥ ይያዛል። የሰንሰለት ቀበቶ ካለሽ ብቻውን በጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ ከቆዳ ጋር ሲቀመጥ ይቧጭረዋል፣ ከሹራብ ጋር ሲቀመጥ ይተበትበዋል። ከራሱ ከቀሚሱ ጨርቅ የተሰፋ መታጠቂያ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ቀሚሱ በተሰቀለበት መስቀያ አንገት ላይ አንድ ዙር አድርገሽ እሰሪው። ከቀሚሱ የተለየ መታጠቂያ ተመልሶ አይገኝም።

መቀነቱን ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጪልኝ። እሱ ቀበቶ አይደለም፣ አያያዙም ሌላ ነው። የጥጥ ሽመና ስለሆነ ከቆዳ ጋር መቀመጥ የለበትም፤ ቀለም ይነካዋል፣ ዘለበት ጥለቱን ይመዘዋል። መጀመሪያ ወገብ ላይ የዋለበትን ላብ በለብ ያለ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቢው። ጥለቱ ደማቅ ቀለም ካለው ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ነካ አድርገሽ ቀለም እንደማይለቅ አረጋግጪ። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ጨምቂውና በጥላ ተዘርግቶ ይድረቅ። «ደርቋል» ካልሽ በኋላም አንድ ቀን ጨምሪለት፤ የሽመናው ጥለት ጋ ድርቡ ወፍራም ስለሆነ እርጥበት ይደብቃል።

ለማስቀመጥ ምርጡ መንገድ መጠቅለል ነው። የጨርቅ ጥቅል የሚመጣበትን ረጅም የካርቶን ቱቦ ከልብስ ሰፊ ለምኚ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ከዚያ መቀነቱን ላላ አድርገሽ ጠቅልዪበት። ዘርፉ በመጨረሻ ይምጣ፣ ተበጥሮ ይተኛ። ቱቦ ካልተገኘ እጠፊው፤ ነገር ግን በየበዓሉ ስታወጪው የእጥፋቱን ቦታ ቀይሪ። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ እንደሆነ ክሩ እዚያው ይበጠሳል። ሽሮ ሜዳ ብትወስጂው ሌላ መቀነት ይሸጡልሻል እንጂ የናትሽን ጥለት አይጠግኑልሽም። በፌስታል ሳይሆን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሚስማር ላይ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ይተኛ። ተሰቅሎ ከከረመ በራሱ ክብደት ይለጠጣል።

የቀረው ልጁ ነው። በየቀኑ የሚጥለው መንጠቆው ስለማይደርስበት ይሆናል፤ አዋቂ ቁመት ላይ የተሰቀለ ነገር ለሱ የእናቱ ሥራ ነው። ዩኒፎርሙ ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ በሱ ትከሻ ልክ አንድ መንጠቆ አድርጊለት፤ ጫፉ ዓይኑን እንዳይወጋው ክብ ይሁን። ሲያድግ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ቀበቶው የሚለጠጥ ዓይነት ከሆነ ግን አይሰቀል፣ ቶሎ ይላላል፤ ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ይክተተው። ጫማውን ሳያደርግ ትምህርት ቤት ስለማይሄድ ቀበቶውንም አይረሳም።